ኢሳያስ የኔን ፓምፕ ያዘለ ቀን

ይሄን ሳትሰሙኝ እንዳታልፉ። ቡና ይዛችሁም ከሆነ ስኒያችሁን እንደያዛችሁ ስሙኝ። እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ የማወራችሁ ያ ቡና ገና የጣት ርዝመት ያላት ችግኝ ሳለች ምን እንዳጠጣናት፣ እሷን ስናጠጣ ደግሞ እኛ ምን እንደጠጣን ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። አጻጻፌ ካልጣማችሁ አጻጻፌን ተዉት፣ ነገሩን ግን ያዙልኝ።

ስሜ ተመስገን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ይኸው ተናገርኩት። ይቺን አንዲት ቃል ለመናገር ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። ምን እንዳስከፈለችኝ ደግሞ አሁን ትሰማላችሁ።

ትምህርት ያቆምኩት ሰንፌ አይደለም። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ወደቅኩ። ስነቃ ክፍሉ ውስጥ እኔና ወንበሮቹ ብቻ ነን። ተማሪው በሙሉ በበርና በመስኮት ወጥቶ ውጭ ቆሞ ያየኛል፤ መምህሩም አብሯቸው ቆሟል። በማግስቱ ስሄድ ዴስኬ ለብቻው ጥግ ተገፍቶ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጠበልም ወሰደችኝ ሆስፒታልም ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠኝ፣ ኪኒኑም ሠራ። እሷ ግን አንድ ነገር አስማለችኝ፦ "ለማንም እንዳትናገር። ሰው ካወቀ የሚቀጥርህ የለም፣ የሚያገባህ የለም፣ አብሮህ የሚበላ የለም።" ማልኩ። መሐላ ጠባቂ ነኝ እኔ፤ ምን ዋጋ አለው።

በቴፒና በሚዛን መሐል ካሉት የቡና እርሻዎች አንዱ ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም፤ እነሱ ጠበቃ አላቸው፣ እኔ ምላስ ብቻ ነው ያለኝ። የተመደብኩት ችግኝ ጣቢያ ነው። አፈር የተሞሉ ትንንሽ ጥቁር ላስቲኮች በየመደቡ ይደረደራሉ፣ በላያቸው ዝቅ ያለ ዳስ ይሠራል፣ ችግኙ እዚያ ጥላ ሥር ያድጋል። ሴቶቹ ላስቲክ ይሞላሉ። እኔና ኢሳያስ የሚባል ጓደኛዬ ደግሞ ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት እንረጫለን። መድኃኒት ነው የሚሉት። ካቦው ጋሽ ወርቁ ጠዋት ጠዋት ከስቶር በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ያመጣልናል። እኛ በባልዲ በጥብጠን ፓምፕ ውስጥ እንጨምርና፣ ፓምፑን እንደ ሕፃን አዝለን፣ ጎንበስ ብለን ዳሱ ሥር እንገባለን።

ጓንትና ማስክ የለም እንዳልላችሁ፣ አለ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ይወርድና እንለብሰዋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይሰቀላል።

ፓምፕ ሁለት ነበረን፣ ለየራሳችን። የኢሳያስ ተበላሽቶ ለጥገና ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ስለዚህ የኔን በፈረቃ ነበር የምናዝለው፤ እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። የኔ ፓምፕ ደግሞ ያፈሳል። ሥሩ ጋ ያለው ጎማ ተሰንጥቋል። በላስቲክ አስሬዋለሁ፣ እሱ ግን ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም። ሸሚዛችን ወገቡ ላይ ደርቆ አያውቅም። ለጋሽ ወርቁ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ምን አለኝ? "ጀርባህን ትንሽ ቢያቀዘቅዝህ ምን አለበት፣ ሙቀት አይደል?" ሳቀ። እኛም ሳቅን። እኔ ነኝ የሳቅኩት፣ እኔ!

ኢሳያስ የቤንች ልጅ ነው፣ ከሚዛን ወደ ላይ ካለ ገጠር የመጣ። አንድ ክፍል ነው የምናድረው፣ ባንድ ሳህን ነው የምንበላው። አማርኛውን ገበያ ነው የተማረው፣ ስለዚህ ስድቡ ከሰላምታው ይበልጥ ጥርት ያለ ነው። ጴንጤ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ለጸሎት ይወጣል።

ያን ቀን እሱ ለጸሎት በወጣበት እኔን በሽታዬ ጣለኝ። ኪኒኔ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ለማምጣት ሚዛን መሄድ አለብኝ፤ ለመሄድ ደግሞ ጋሽ ወርቁን ማስፈቀድ አለብኝ፤ "ምን ሆነህ?" ሲለኝ ምን ልበለው? ዛሬ ነገ ስል ጣለኝ። ስነቃ ምላሴ ተነክሶ አፌ ደምቷል፣ ብርድ ልብሴ ርሷል፣ ሰውነቴ በዱላ የተቀጠቀጠ ይመስላል። ኢሳያስ ሲመለስ ቁጭ ብዬ ነበር።

"አንተ፣ ከማን ጋር ስትታገል ነው ያደርከው?" አለኝ።

"ወባ ነው።"

"ወባ ምላስ ይነክሳል እንዴ? ምነው አፍህ ተንተባተበ?"

"ብርድ ብርድ ሲለኝ እኔው ነክሼው ነው።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደና ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣ፣ ልጦ ልጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ብላ። ዛሬ ፓምፕ የሚባል ነገር አትነካም። ከነ እትዬ ዘነቡ ጋር ቁጭ ብለህ ላስቲክ ሙላ፣ ወሬያቸውንም ልቀም። ያንተንም ፈረቃ እኔ እረጨዋለሁ።"

"ኧረ እችላለሁ።"

"ዝም በል፣ አንተ ሬሳ።"

ነጭ ሽንኩርቱን በላሁት። ውሸቴን ላለማበላሸት አፌ እየተቃጠለ በላሁት።

በዋዜማው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ስለነበር የዳሱን ጎንና ጎን በላስቲክ ሸፍነነዋል። ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጣች። ዳሱ ውስጥ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አየር የሚባል ነገር አይገባም። ኢሳያስ እየዘመረ ገባ። የጠዋቱን ፈረቃ ረጨ። ምሳ ሰዓት ወጣ፣ እጁን በውሃ አለቅልቆ በላ፣ ራሴን አመመኝ አለ፣ ተመልሶ ገባ። ያ የኔ ፈረቃ ነበር።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ በየእርምጃው ምራቁን ይተፋል።

"ምነው ኢሳያስ፣ ሥጋ አየህ እንዴ? ለሃጭህ ተዝረከረከ!" አለችው እትዬ ዘነቡ። እናቶቻችንን የምታክል ሴት ናት፣ ጣቢያው ውስጥ በቀልድ የማትነካው ሰው የለም።

"እትዬ ያንቺን ወጥ አስቤ ነው" አላት። ሁሉም ሳቀ። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። ሲሄድ አየሁት፣ እግሩን ሲያነሳ ጭቃ የያዘው ይመስላል። አንድ መደብ ብቻ ነው የቀረው። ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ዳሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማን። ብረት እንጨት ሲመታ። አንዷ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና ጮኸች፦

"ጣለው! ጣለው! ኢሳያስን ጣለው!"

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ዳሱ አፍ ላይ ነው የወደቀው፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ። ይንቀጠቀጣል። አረፋ ይደፍቃል። የሚንኳኳው ጀርባው ላይ ያለው ፓምፕ ነው፣ እሱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከዳሱ ቋሚ ጋር ይጋጫል።

"አትንኩት! የሚጥል በሽታ ነው!"

"ለሃጩን እንዳትረግጡ፣ ይጋባል!"

ጋሽ ወርቁ እየሮጠ መጣ። "ክብሪት! ዞር በሉ! ክብሪት እናሽትተው!" ሲጋራ ስለሚያጨስ ክብሪት ከኪሱ አይጠፋም። ለኮሰ፣ እፍ አለው፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። ምንም። ሌላ ለኮሰ። "ብረት አስጨብጡት!" አለች አንዷ። የስቶሩን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ ወረወረው፣ በእንጨት እየገፋ መዳፉ ውስጥ አስገባለት። የኢሳያስ ጣቶች ቁልፉ ላይ ተቆለፉ። ሦስተኛ ክብሪት።

አሁን በደንብ ስሙኝ። እኔ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። የሚጥል በሽታን እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። የኔ እንዴት እንደሚያደርገኝ እህቴ ስንቴ ነግራኛለች፦ ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ አንኮራፍቼ እተኛለሁ። የኢሳያስ ግን አላቆም አለ። ለሃጩ አረፋ ብቻ አይደለም፣ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው። እንባው ይወርዳል። ላቡ ዝናብ ነው። አስታወከ። ሱሪው ላይ አመለጠው። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ነጭ ውሃ ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ያ የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ። ማንም ስላልነካው ፓምፑ አሁንም ጀርባው ላይ ነው። አሁንም ያፈስበታል።

አራተኛ ክብሪት።

አወቅኩት። ግን ከተናገርኩ "በምን አወቅክ?" ይሉኛል። እናቴ ጆሮዬ ውስጥ ናት። ዴስኬ ጥግ ተገፍቶ ይታየኛል። ቆምኩ። አምስተኛ ክብሪት። ስንት ደቂቃ ነበር ብትሉኝ አላውቅም፤ የኔ ሰዓት ክብሪቶቹ ናቸው። በመጀመሪያው መናገር እችል ነበር። ስድስተኛው ላይ የአፍንጫው ፀጉር ተቃጥሎ ሸተተኝ።

"ይሄ የሚጥል በሽታ አይደለም" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ቀና አለ። "አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?"

"አይደለም እኮ ነው የምልዎት ጋሼ! መርዙ ነው! ፓምፑን እንፍታለት!"

"አረፋ ይደፍቃል፣ ይንዘፈዘፋል። የሚጥል በሽታ ካልሆነ ምንድነው፣ እስክስታ ነው? በምን አወቅክ አንተ?"

ያውላችሁ፣ መጣች።

"ስላለብኝ።"

"ምን አለብህ?"

"የሚጥል በሽታ። እኔ ነኝ ያለብኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳን ጥሎኛል፣ ወባ አይደለም። ስለዚህ አውቀዋለሁ። ይሄ እሱ አይደለም።"

ከዚያ ክቡ ሰፋ። ማንም "ሽሹ" አላለም፣ ግን ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ የመጠጥ ውሃዋን ከመሬት አነሳች። ጋሽ ወርቁ ክብሪቱን ጣለና ጣቱን ቀሰረብኝ።

"ታዲያ አንተ ነህ ያጋባህበት! ባንድ ሳህን አይደል የምትበሉት! ደብቀህ ገብተህ ሰው ጨረስክ!"

"አይጋባም!"

"ይኸው ተጋብቶ እያየነው!"

"ቢጋባ እናቴን ይዟት ነበር! እህቴን ይዟት ነበር! ጋሽ ወርቁ፣ ሰውዬው እየሞተ ነው፣ ወይ ያግዙኝ ወይ ዞር ይበሉ!"

ዞር አለ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ጎን ሄደ። እኔ ኢሳያስ ላይ ተደፋሁ፣ የፓምፑን ማንገቻ ሴቶቹ ላስቲክ በሚቆርጡበት ምላጭ በጠስኩና ብብቱ ሥር ይዤ ውሃ ወደምንቀዳበት በርሜል ጎተትኩት። ከባድ ነው። ብቻዬን ነኝ። ሁለቴ ወደቅን።

ሦስተኛው ላይ እግሮቹ ቀለሉኝ። እትዬ ዘነቡ ናት። ሁለት የችግኝ ላስቲክ እጇ ላይ አጥልቃለች። እኔን ፈርታ መስሎኝ በብሽቀት አየኋት። ገባት።

"አንተን አይደለም ልጄ። ይሄ ነገር ቆዳዬን ሲልጠኝ ነው የከረመው፣ ዛሬ ገና ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። እንካ፣ አንተም አጥልቅ።" ሁለት ላስቲክ ሰጠችኝ። ጓንት ማለት ያ ነው እንግዲህ፣ ቡና የሚተከልበት ላስቲክ።

ልብሱን አወለቅን። በሳሙና አጠብነው፣ አፈሰስንበት፣ ደግመን አጠብነው። ሴቶቹ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ግን ውሃ በባልዲ እያመጡ አምስት እርምጃ ላይ ያስቀምጡልን ጀመር። እሱም ቀላል አይደለም። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን ከላይዋ አውርዳ ሸፈነችው። የጋሽ ወርቁ ድምፅ ከጀርባዬ ይመጣል፦

"አዎ ጌታዬ... አዎ፣ የሚጥል በሽታ ነው... የለም የለም፣ ከመድኃኒቱ ጋር አይገናኝም... እሺ ጌታዬ፣ እንደዚያ ነው የምንለው።"

እንደዚያ ነው የምንለው! ጓደኛዬ ነጠላ ተሸፍኖ እየተንዘፈዘፈ፣ እነሱ ምን እንደሚባል ይመካከራሉ። ያኔ ነው የኢሳያስን መዳፍ ያየሁት። ቁልፉ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኩና ወሰድኩት፣ ሮጬ ስቶሩን ከፈትኩ። ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው "ምን ነካው?" ነው፤ ይህን ያህልማ አውቃለሁ። ጥግ ላይ ጀሪካኑን አገኘሁት። ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙው አይገባኝም። ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት። እኛ ሁልጊዜ የሚሰጠን በውሃ ፕላስቲክ ስለሆነ ያቺን ራስ ቅል አንድም ቀን አይተናት አናውቅም።

ክዳኑን አጥብቄ ይዤው ስወጣ ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆሟል።

"ያን መልስ! የድርጅቱ ንብረት ነው!"

"ኢሳያስስ የማን ንብረት ነው?"

"ተመስገን፣ እንጀራህን ነው የምትገፋው።"

"ገፍቼዋለሁ፣ ዞር ይበሉ።"

የችግኝ መኪናው ሾፌር ጀማል የጅማ ሰው ነው፣ ብዙ አይናገርም። የመኪናውን ጀርባ ከፍቶ ቆሞ ጠበቀን። ኢሳያስን ለመጫን ጎንበስ ሲል ጋሽ ወርቁ "አትንካው፣ ይጋባል" አለው። ጀማል ቀናም አላለ። "ሞትም ይጋባል፣ ያንተ ተራ ሲመጣ ማን ይሸከምሃል?" አለና አነሳው። ጋሽ ወርቁ ጋቢና ገባ። እኔ ከኋላ ኢሳያስን በጎኑ አስተኝቼ ራሱን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ጀሪካኑን በገመድ ከመኪናው ጎን አሰርኩት።

ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናብ ጀመረ። መኪናው ሲንሸራተት ኢሳያስ ከጭኔ ይወርዳል፣ እመልሰዋለሁ። ትንፋሹ ያንኮሮኩራል፤ አፉን በጣቴ እጠርግለታለሁ፣ ወዲያው ይሞላል። አንዳንዴ ትንፋሹ ይጠፋል። ያኔ "አንተ ሬሳ! አንተ ሬሳ!" እያልኩ ደረቱን እመታዋለሁ፣ ጠዋት እሱ እንደሰደበኝ።

መንገዱን አጋምሰን አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም መጣ። ይሄን ጣዕም አውቀዋለሁ። ሊጥለኝ ሲል ነው የሚመጣው። የግራ አውራ ጣቴ ለብቻዋ ትዘል ጀመር። ደነገጥኩ፣ ለራሴ ግን አይደለም። እኔ ከወደቅኩ ለሐኪሙ ማን ይናገራል? ጋቢና ያለው ሰውዬ? የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብኩት። ጀማል አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ጀማል! እኔም ልወድቅ ነው! ብወድቅ እንዳታቆም!"

"ምን?"

"እንዳታቆም! ጀሪካኑን ለሐኪሙ በእጁ ስጥ! መርዙ ነው በል! ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ!"

ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ጮኸ፦ "አንተ ውደቅ! እኔ እነዳለሁ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም። ጣቴ ዘለለች፣ ዘለለች፣ ቆመች። ጣዕሙ ሄደ። ሚዛን ደረስን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሽ ወርቁ ቀደመኝ። ወጣት ሐኪም ናት፣ ሴት። አልጋው ሲገፋ ከጎን እየተራመደች ትጠይቃለች። "ከዚህ በፊት እንዲህ አሞት ያውቃል?"

"አዎ ዶክተር፣ የቆየ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት።"

"ውሸት ነው!" አልኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። "ያለብኝ እኔ ነኝ! እሱ ምንም የለበትም! ቀኑን ሙሉ ይሄን ሲረጭ ነው የዋለው፣ ጀርባው ላይ እየፈሰሰበት!" ጀሪካኑን ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት። ራስ ቅሏን ወደ እሷ አዞርኩ።

ሐኪሟ ጋሽ ወርቁን አየችው። እኔን አየችኝ። የኢሳያስን ሽፋሽፍት ገልጣ በባትሪ አየች፤ ከጎኗ ሆኜ እኔም አየሁ። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

"ስንት ሰዓት ጀመረው?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል።"

"ልብሱስ?"

"አውልቀን በሳሙና አጥበነዋል።"

"ጎበዝ!" አለችና እየሮጠች የመርፌውን ስም ጠራች። ጎበዝ። ይቺን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት ስምንተኛ ክፍል ነው።

እዚያው ወደቅኩ። በሽታው ይጠብቀኝ ነበር መሰለኝ።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ፣ ራሴ ሥር የታጠፈ ጋውን አለ፣ አንድ ነርስ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ዙሪያዬን አየሁ። ሰው አልሸሸም። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ናት።

"ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብህ፤ አይዞህ" አለኝ ነርሱ።

"ክብሪት አሸተታችሁኝ?"

"የምን ክብሪት?"

አለቀስኩ። ቁጡ ነኝ እንጂ አልቃሽ አይደለሁም፣ ግን አለቀስኩ።

ኢሳያስ ሁለት ቀን አልነቃም። መርፌው በየደቂቃው ነበር፣ ትንፋሹን ማሽን አገዘለት። በማግስቱ እናቱ ከገጠር መጣች። አማርኛ አትችልም፣ ወንድሟ ነው የሚተረጉምላት። በቤንችኛ አንድ ነገር አለችው፣ ሰውዬውም ወደኔ ዞረ፦ "ፓምፑ የማነው ትላለች።"

"የኔ ነው በላት። የኔም ፈረቃ ነበር።"

ወደኔ መጣች። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እጄን ያዘች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ከዚያ ጎትታ ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰደችኝና በሳሙና፣ እስከ ክርኔ፣ እንደ ሕፃን አጠበችኝ።

በሦስተኛው ቀን ኢሳያስ ዓይኑን ገለጠ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከወባው እስከ ስድስተኛው ክብሪት። ድምፁ ሲወጣ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"ወባ አልነበረብህም?"

"አልነበረብኝም።"

"ታዲያ ነጭ ሽንኩርቴን ለምን በላህብኝ፣ አንተ ሌባ?"

ከዚያ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ "ብትነግረኝ ኖሮ ኪኒንህን እኔ አመጣልህ ነበር" አለኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢሳያስ ተርፏል። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ስኒ ሙሉ አይዝም። እኔ ከእርሻው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ "በጤና ምክንያት ለሥራው ብቁ ባለመሆንህ" ይላል። እሱም ደረሰው። የሱ ደብዳቤ ላይ ምን ተጽፎ ነበር መሰላችሁ? "የሚጥል በሽታ ታማሚ በመሆኑ።" ሐኪሟ የጻፈችው ወረቀት አለን፣ ይዘን ከቢሮ ቢሮ እየዞርን ነው። አንዱ ነገ ይለናል፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። እትዬ ዘነቡ ምስክር እሆናለሁ ብላ ፈርማለች፣ ጀማልም ፈርሟል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተለወጠብህ ካላችሁኝ፣ መደበቅ ትቻለሁ። አሁን ሚዛን ውስጥ የማውቀው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከፊሉ ሸሽቶኛል፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ይሽሽ። ኪኒኔ አልቆ አያድርም። ሐኪሟ በግልጽ ነግራኛለች፦ ይሄ መርዝ ጤነኛውንም ይጥላል፣ እንዳንተ ያለ ሰው ደግሞ ድሮም አጠገቡ መድረስ አልነበረበትም። ይሄን ማንም ሊነግረኝ አይችልም ነበር፣ በሽታዬን የሚያውቅ ሰው አልነበረማ! ምላሴን የቆለፍኩት እኔው ነኝ፤ እንድቆልፈው ያደረጋችሁኝ ደግሞ በመስኮት የዘለላችሁት ናችሁ።

ሰው ሲወድቅ ክብሪታችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ ካላቆመ ሆስፒታል ውሰዱት። መርዝ ይዞ ከነበረ ራሳችሁን ጠብቃችሁ ልብሱን አውልቁለት፣ እጠቡት፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሩጡ። ቤታችሁንም እዩ። ለትኋን ብላችሁ አልጋ ላይ የምትረጩት ምንድነው? አልጋ ሥር በውሃ ፕላስቲክ ያስቀመጣችሁትስ? እኛ ክፍል ውስጥ የመጠጥ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ከስቶር የመጣ ባዶ ጀሪካን ነበር። ታጥቧል ብለን። ወረቀቱ ተልጧል፣ ሙጫው ግን አለ። ስንት ወር ከሱ ጠጣን?

እናንተ ደግሞ፣ የእርሻው ባለቤቶች፣ ማናጀሮች፣ መጥታችሁ ጓንቱን ፎቶ አንስታችሁ የምትሄዱ ተቆጣጣሪዎች። እኔ ታማሚ ነኝ፣ እሺ። ኢሳያስንም ታማሚ አላችሁት፣ እሱንም እሺ። በኛ ቦታ ሁለት ጤነኛ ልጆች መቅጠራችሁን ሰምቻለሁ። እነሱ ሲወድቁስ፣ በማን በሽታ ልታመካኙ ነው?